ያውቁ ኖሯል? አንጀትን የሚጠብቁትና የሚያቆስሉት ሴሎች

ያውቁ ኖሯል? ከነጭ የደም ሴሎች መካከል በቁጥር ብዙው ኒውትሮፊል ነው። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ያመርታል።

ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ ጥሶ ሲገባ ቀድሞ የሚደርሰው ይኸው ሴል ነው። ባክቴሪያውን ውጦ ይገድላል፤ ከዚያ ራሱም ይሞታል፤ ማክሮፌጅ የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል ቅሪቱን ያጸዳል። ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ በሚባሉት የአንጀት መቆጣት ሕመሞች ግን ኒውትሮፊሎችን የሚጠራው ምልክት አይቆምም። ኒውትሮፊሎች መጉረፋቸውን ይቀጥላሉ፤ ለጀርም ያዘጋጁት መርዝም የገዛ አንጀትን ያቆስላል።

ታዲያ ኒውትሮፊልን ማጥፋት መፍትሔ ይሆን? አይሆንም! ክሮኒክ ግራኑሎማተስ በተባለ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ኒውትሮፊሎች ጀርም የመግደል አቅማቸው ይደክማል፤ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ክሮንስን የሚመስል የአንጀት ቁስለት ይይዛቸዋል። ሲበዛም ሲደክምም አንጀትን የሚጎዳው ያው አንድ ሴል መሆኑ እጅግ ይደንቃል።

ካልፕሮቴክቲን የተባለው ፕሮቲን በኒውትሮፊል ውስጥ በብዛት ይገኛል። አንጀት ሲቆጣ ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ በላቦራቶሪ ይለካል። ከፍ ማለቱ መቆጣት መኖሩን ይናገራል እንጂ መንስኤውን አይለይም፤ ኢንፌክሽንም፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ለክሮንስና ለአልሰረቲቭ ኮላይቲስ እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች አይገድልም፤ ከደም ወደ አንጀት እንዳይሻገሩ ብቻ ያግዳል።

ለእኛ አገር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የኢንፍሊክሲማብ ጉዳይ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1998 ለክሮንስ የተፈቀደ መድኃኒት ቲኤንኤፍ የተባለውን ነጭ የደም ሴሎች የሚጠራሩበትን ፕሮቲን ያከሽፋል። ነገር ግን የቲቢን ባክቴሪያ ከበው ያፈኑት ነጭ የደም ሴሎች ተያይዘው የሚቆዩት በዚሁ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ሲከሽፍ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። የአንጀት ቲቢ ራሱ ክሮንስን በጣም ስለሚመስል፣ ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒቱን መጀመር ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለሳምንታት ከዘለቀብዎ፣ «አሜባ ነው» እየተባለ ያንኑ መድኃኒት ደጋግመው አይውሰዱ። የአንጀት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ስለ ካልፕሮቴክቲን ምርመራም ይጠይቁ።