ሲኒው ሞልቶ ለምን አይፈስም?

አቦሉ ተቀድቷል፤ ሲኒው እንደ ወጉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አንስተው ፉት ሲሉ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። እስቲ ደግመው ሲያነሱት እጅዎን ይመልከቱ። ጣት ይቆነጥጣል፣ ክርን ይታጠፋል፣ ትከሻ ይደግፋል። ቅድም ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ ወሬ ላይ ነበሩ።

እንቅስቃሴውን ከሚያለሰልሱት አንዱ በአንጎል ግንድ የላይኛው ጫፍ ያለ ጠቆር ያለ ትንሽ ቦታ ነው። እዚያ ያሉ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ያመርታሉ። ዶፓሚን ሲያንስ እጅ ጉልበት እያለው እንኳ ይዘገያል። ሴሎቹ እየሞቱ ሲመናመኑ የሚመጣው ሕመም ፓርኪንሰን ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ከጻፈው የለንደን ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው።

ብዙ ሰው ፓርኪንሰን ሲባል የሚያስበው መንቀጥቀጥን ነው። ነገር ግን የብዙ ታማሚዎች እጅ በይበልጥ የሚንቀጠቀጠው ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው፤ ሲኒ ለማንሳት ሲዘረጋ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ዝግታን ነው።

እርስዎም ይሞክሩት። አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን በሰፊው እየከፈቱ አሥር ጊዜ ቶሎ ቶሎ ያጋጥሙ። ከዚያ ስምዎን በአንድ መስመር ደጋግመው ይጻፉ። የመጨረሻው ስም እንደ መጀመሪያው ሰፋ ብሎ ከተጻፈ፣ ዶፓሚን ሥራው ላይ ነው። በፓርኪንሰን ጊዜ የጣቶቹ ክፍተት እየጠበበ፣ ፊደሉም እየደቀቀ ይሄዳል።

ሴሎቹን ምን ይገድላቸዋል? ሴልን እንደ ቤት ያስቡት። ቤት በየቀኑ ቆሻሻ ያወጣል፤ ጠራጊ ያስፈልገዋል፤ ደጁ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። ዘረመላችን የጠራጊውንም የዘበኛውንም ሥራ ይወስናል።

ከቆሻሻው እንጀምር። አልፋ-ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን በጤናማ ነርቭ ውስጥም አለ፤ ችግሩ እርስ በርሱ ሲጣበቅና ሲቆለል ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ከትውልድ ትውልድ በሚተላለፍባቸው የጣሊያንና የግሪክ ቤተሰቦች ውስጥ፣ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በቤተሰባቸው ሕመሙ የሌለባቸው ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ያለው እብጠት መሰል ክምችትም ከዚሁ ፕሮቲን የተሠራ መሆኑን አሳየ። ጥቂት ቤተሰቦች የአብዛኛውን ታማሚ ምስጢር ፈቱ ማለት ነው።

ጠራጊውስ? ጂቢኤ1 የሚባለው ዘረመል በሴሉ ውስጥ አሮጌ ቅባቶችን የሚሰባብር ኢንዛይም ያሠራል። እሱ ሲዳከም ጽዳቱ ይጓደላል፣ የፓርኪንሰን ዕድልም ይጨምራል። ለዓመታት ምርምሩ ባመዛኙ በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያውያንንና አፍሪካ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት በአውሮፓውያን ዘንድ ያልታየ የጂቢኤ1 ልዩነት አገኘ። የአፍሪካ ደም ለምን መመርመር እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘበኛው። በአንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ይዞራሉ፤ የሞተ ይበላሉ፣ እንግዳ ያባርራሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓትሪክ ማክጊርና ባልደረቦቹ ካናዳ ውስጥ የሟች ታማሚዎችን አንጎል ሲመረምሩ፣ በዚያ ጠቆር ባለ ቦታ ማይክሮግሊያዎቹ ተቆጥተው አገኟቸው። የተቆጣ ዘበኛ ሌባውን ሲያሳድድ የቤቱን ዕቃም ይሰብራል።

ነገሩ በአንጎል ብቻ አላበቃም። በደም የሚዞሩት ቲ ሴሎች የፕሮቲን ቁራጭ አይተው ወዳጅ ወይም ጠላት ይላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንዳንድ ታማሚዎች ቲ ሴሎች የአልፋ-ሳይኑክሊንን ቁራጭ እንደ ጠላት እንደሚቆጥሩ አሳዩ። ቁራጩን ለቲ ሴል የሚያሳዩት ኤችኤልኤ የሚባሉ ሞለኪውሎች ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ አንዳንዱ ዓይነት ዕድሉን ከፍ፣ አንዳንዱ ዝቅ ያደርጋል።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ ላርክ ቱ የሚባለው ዘረመል ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ከፓርኪንሰን ጋር መያያዙ ሲገኝ የነርቭ ጉዳይ ተደርጎ ታየ። በኋላ ግን በበሽታ መከላከያ ሴሎች ውስጥም በብርቱ እንደሚሠራ፣ አንዳንድ ልዩነቶቹም ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት መቆጣት ሕመም ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። አንዱ ዘረመል ጽዳቱንም ጥበቃውንም ይነካል። ያም ሆኖ በዘረመሉ ላይ ያለውን ለውጥ ከወረሱት ብዙዎቹ በሕይወታቸው ሙሉ አይታመሙም፤ ዕድሜና አካባቢም ድርሻ አላቸው።

አንድ ሙከራ ይቀራል። ዓይንዎን ጨፍነው ሰው የተቆላ ቡና፣ ኮረሪማና ጤና አዳም በየተራ ያስሸትትዎ። በብዙ ታማሚዎች የማሽተት አቅም እጅ ከመዘግየቱ ዓመታት ቀድሞ ይደክማል፤ ክምችቱ የሽታ መቀበያውንም ቀድሞ ይነካልና። ጉንፋንም ዕድሜም ሽታን ያጠፋሉ፣ ስለዚህ ሽታ ብቻ ስለጠፋ አይደናገጡ። ከሽታው መጥፋት ጋር ዝግታና የፊደል መድቀቅ ከመጡ ግን የነርቭ ሐኪም ይመርምርዎ። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ ዝግታውን ያቃልላል፤ የሴሎቹን መሞት ግን አያቆምም። ለዚህ ነው የላርክ ቱን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች ዛሬ በታማሚዎች ላይ የሚሞከሩት።