ለጠላት የተዳረች ንግሥት

በርማ፣ ያንጎን ውስጥ፣ ሽዌዳጎን በተባለው ቤተ መቅደስ፣ ወደ ላይኛው እርከን በሚያወጣው ደረጃ ሥር ሴቶችን የሚከለክል ጽሑፍ አለ። ባለፈው ጉዞዬ ጫማዋን በፌስታል ያንጠለጠለች አስጎብኚ ጽሑፉን በአገጯ እያሳየችኝ፣ «ይህን ወርቅ ያለበሰችው ሴት ናት። ዛሬ ብትመጣ እዚሁ ያቆሟታል» አለችኝ። የቤተ መቅደሱን አንድ ኃላፊ ስለ ክልከላው ብጠይቀው ሻይ ጋበዘኝ፤ ስለ ዝናቡም ብዙ አጫወተኝ። ጥያቄዬን ግን አልመለሰም።

ሴትየዋ ሺን ሶቡ ናት። ስለ ወርቋ የማይተርክ የለም። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት በጠላት ቤተ መንግሥት የኖረችው ኑሮ ነው።

የደቡቡ የሞኖች መንግሥት ሀንታዋዲና የሰሜኑ አቫ ከ1385 ጀምሮ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አርባ ዓመት ያህል ተዋግተዋል። አባቷ፣ የሀንታዋዲው ንጉሥ ራዛዳሪት፣ አቫን ለዓመታት ሲያስጨንቅ ኖሮ በ1421 ሞተ። ወንዶች ልጆቹ ወዲያው በዙፋኑ ተናከሱ። ሺን ሶቡ ያኔ ባሏ የሞተባት የልጆች እናት ነበረች። በ1423 ወንድሟ ቢንያ ራን ከአቫው ንጉሥ ከቲሃቱ ጋር ታረቀና እርሷን ዳረለት። 29 ዓመቷ ነበር። አስጎብኚዋ እዚህ ላይ ሳቀች፦ «ከተማ ከሚሰጥ እህቱን ሰጠ! ከተማ ቢሰጥ መልሶ ለመያዝ ጦር ያስፈልገው ነበር። እህት ግን በራሷ እግር ትመለሳለች።»

አቫ ስትደርስ እልፍኙ ባዶ አልነበረም። ቲሃቱ ከአባቱ ከሚንካውንግ ሞት በኋላ የአባቱን ሚስት ሺን ቦሜን ወርሷል። ዜና መዋዕሎቹ ቦሜ በአዲሲቱ ሚስት ቀንታ ንጉሡን አስገደለች ይላሉ። በ1425 ቲሃቱ አውንግ ቢንሌ ላይ የቦይ ቁፋሮ ሲያሠራ የሻን ገዢ አድፍጦ ገደለው። ሴት ባለችበት ሁሉ ቅናትን ምክንያት ማድረግ ለጸሐፊዎቹ ሳይቀላቸው አልቀረም፤ የሻኑ ገዢ የራሱ ስሌት አልነበረውም ማለት ይከብደኛል። የቲሃቱ ልጅ ሚን ህላ ነገሠ፤ ሦስት ወር ሳይቆይ በመርዝ ሞተ። ዓመት ሳይሞላ በዚያ ዙፋን ላይ ሦስት አዳዲስ ነገሥታት ተቀመጡ። «የሞቱባትን ነገሥታት እየቆጠረች ፊደል ትማር ነበር» አለች አስጎብኚዋ። በትውፊቱ መሠረት ያስተማሯት ለትምህርት አቫ የመጡ ሁለት የሞን መነኮሳት ናቸው። በ1430 ገደማ አሽሽተው የሀንታዋዲ ዋና ከተማ ፔጉ ያደረሷትም እነርሱ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ዳማዜዲ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ይነገራል። ወንድሟ ሞተ፣ ልጇም ነግሦ ሞተ፣ የተቀሩት ወንዶችም እርስ በርስ ተላለቁ። በ1454 ከራዛዳሪት ቤት የምትነግሥ እርሷ ብቻ ቀረች፤ ስልሳ ዓመቷ ነበር።

ስለ ወርቁም ቢሆን መጠኑ ይገርማል፦ በራሷ ክብደት ልክ 25 ቪስ፣ 40 ኪሎ ግድም፣ ሽዌዳጎንን አለበሰች። ኮረብታውን በእርከን አስተካከለች፣ ወለሉን በድንጋይ አስነጠፈች፤ ለጥበቃው መሬትና አገልጋዮች መደበች። የአገልጋዮቹ ልጆችም አገልጋይ ሆነው እንዲቀሩ መደረጋቸውን ወርቁን የሚያወድሱ ሰዎች ሲያነሱት አልሰማሁም።

እኔ ግን ከወርቁ ይልቅ ወራሽ የመረጠችበትን መንገድ አደንቃለሁ። መሳፍንቱን ትታ ዳማዜዲን ከምንኩስና አስወጣች፣ ልጇን ድራለት መንግሥቱን አስረከበችው። አፈ ታሪኩ ለሁለቱ መነኮሳት ሁለት አንድ ዓይነት ሳህኖች ሰጠቻቸው፣ በአንዱ የንግሥና ምልክቶች ነበሩ ይላል። ዕጣው ዳማዜዲን መረጠው ነው ነገሩ። አቫን ያየች ሴት ግን ዙፋን ለዕጣ ትሰጣለች ብዬ አላምንም። እርሷ ሽዌዳጎን ወዳለበት ወደ ዳጎን ሄዳ በ1471 ሞተች። እርሱ እስከ 1492 ገዛ። በ1539 የታውንጉ መንግሥት ጦር ፔጉን ያዘ፤ በበርማ ዙፋን ላይ ከእርሷ በኋላ በራሷ ስም የነገሠች ሴት የለችም።