ላንጋኖ ከልጆች ጋር ልትሄዱ ነው? ይህን አንብባችሁ ሂዱ



የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ልደታ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ላንጋኖ ልንሄድ ነው፤ ምን መድኃኒት እንያዝ?» ጥያቄውን እወደዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ላይ ተጎንብሰው የከረሙ ልጆች አሸዋ ላይ ሲሮጡ ማየት በራሱ ጤና ነው። አሜሪካ ያለው ዘመድ ከሐዋይ የቤተሰብ ፎቶ ሲልክ «እኛስ ምን አነሰን» የሚል አባወራም አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አሸዋም፣ ሐይቅም፣ ደሴትም፣ ሪዞርትም አለን። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ሐዋይ ውስጥ ወባ የለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን አለ።

ልደታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ላንጋኖ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ስለሆነ በሦስት ሰዓት መንገድ ወባ ከሌለበት ሰፈር ወባ ወዳለበት አገር ትወርዳላችሁ ማለት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም፤ ስለዚህ ሲይዘው ቶሎ ይጠናበታል። «እኔ እንኳን ቆላ ነው ያደግኩት፣ ወባ ለምጄዋለሁ» የሚሉ አባቶች አሉ። ያ ልምድ ከአካባቢው ርቃችሁ ዓመታት ስትቆዩ ይዳከማል። ለበዓል ከውጭ የመጡ ዘመዶች አብረዋችሁ የሚሄዱ ከሆነም ያው ነው፤ «አገሬ ነው» ማለት ከትንኝ አያድንም።

ነገሩ የድሮ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቋል። ይህን የምላችሁ ጉዞውን እንድትሰርዙ አይደለም። ሂዱ! ግን አቅዳችሁ ሂዱ።

መቼ እንሂድ ለሚለው፣ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ከበልግ ዝናብ በኋላ ሚያዝያና ግንቦትም ከፍ ይላል። ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ ደረቅ ስለሆነ ይሻላል። የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት እዚያው ላይ መዋሉ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው። በእርግጥ ወባ በጥርም ይይዛል፤ ዕድሉ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሪዞርት ቡክ ስታደርጉ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዋጋ፣ ስለ ቁርስና ስለ ዋይፋይ ነው። እናንተ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። አንደኛው፣ «ለእያንዳንዱ አልጋ አጎበር አለ? መስኮቱስ ወንፊት አለው?» የሚል ነው። «አለ» ቢሏችሁም ስትደርሱ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከቤት መርፌና ክር መያዝ አያሳፍርም፤ እኔ ራሴ እይዛለሁ። ሁለተኛው፣ «ሌሊት ሰው ቢታመም የት ነው የምትወስዱን? መኪና አላችሁ ወይ?» የሚል ነው። ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ባቱ (ዝዋይ)፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ሻሸመኔና ሐዋሳ ሆስፒታል አለ። የሪዞርቱን ሾፌር ስልክ በቀን ብርሃን ያዙት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጅ ሲያንቀጠቅጠው ስልክ ፍለጋ መሯሯጥ ከባድ ነው።

የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ላንጋኖ ላይ የሚጣፍጠው ሰዓት ነው፤ እሳት ይነዳል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ልጆቹ በቁምጣ አሸዋ ላይ ይሮጣሉ። ከ12 ሰዓት በፊት እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ረጅም ሱሪና ካልሲ አልብሷቸው። ባልተሸፈነው ገላ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዲት ያለው ማባረሪያ ቅቡ። ሕፃኑ ሁለት ወር ካልሞላው አይቀባም፤ አጎበር ውስጥ ይተኛ። ለትንንሾቹ መጀመሪያ በእናንተ እጅ ላይ አድርጋችሁ ቅቧቸው እንጂ ፊታቸው ላይ አትርጩ፤ የልጁን መዳፍ አትቀቡ፣ አፉ ውስጥ መክተቱ አይቀርም። የፀሐይ መከላከያም የምትቀቡ ከሆነ እሱ ይቅደም፣ ማባረሪያው ከላይ ይሁን። ነጭ ሽንኩርት መብላትና ቫይታሚን ቢ መዋጥ ትንኝ ያባርራል የሚባለውን እርሱት፤ አይሠራም።

መከላከያ ክኒንስ? አለ፤ ግን ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት መልስ የለኝም። በወቅቱ፣ በቆይታችሁና በልጆቹ ዕድሜ ይወሰናል። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ ተወስዶ ከተመለሳችሁ በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ለዚህ አገልግሎት ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሌሎች አማራጮችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ከጉዞው ቀደም ብለው ስለሚጀመሩ ሐኪማችሁን ከሁለት ሳምንት በፊት አማክሩ። ዓርብ ማታ ሻንጣ እየዘጋችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ «የወባ ነገር ስጠኝ» አትበሉ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ወባ በእርግዝና ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው። በዚህ ዓመት ዕረፍቱ ደጋ ላይ ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ላንጋኖ ሰው የሚወደው ያለ ስጋት ስለሚዋኝበት ነው፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ የሚታወቅ ሐይቅ ነው። ቀለሙ ግን ቡናማ ነው። ብዙዎች «ቆሻሻ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ልጅ አይታይም። ገንዳ ውስጥ ቢሆን ከታች ታዩታላችሁ። ላንጋኖ ላይ ግን ጉልበት በሚያህል ጥልቀት እንኳ ጭንቅላቱ ከውሃ በታች ከገባ ጠፋ ማለት ነው።

ደግሞ የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም እጁን እያወራጨ «አድኑኝ!» ብሎ አይጮኽም። ትንፋሽ የሌለው ሰው ምን ድምፅ አለው? ዝም ብሎ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 300,000 ገደማ ሰው ሰምጦ ይሞታል፤ ሩብ የሚጠጋው ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። ሦስት ቤተሰብ ሚኒባስ ተኮናትሮ ሲሄድ አደጋው የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። አሥር አዋቂ አለ፤ ሁሉም «እገሌ እያየ ነው» ብሎ ያስባል፣ ማንም አያይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተራ አውጡ። ተረኛው ለ20 ደቂቃ ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ወሬ አይዝም፣ ልጆቹን ብቻ ያያል። ከ5 ዓመት በታች ያለው ልጅ ደግሞ ከተረኛው ክንድ አይርቅ። ክንድ ላይ የሚነፋው የላስቲክ መንሳፈፊያ መጫወቻ ነው፤ አትመኑት።

ልጅ ከውሃ ወጥቶ ካልተነፈሰ በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አታንጠልጥሉት፣ ሆዱንም አትጫኑ። ጠጣር ቦታ ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ጭንቅላቱን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፍ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልነቃ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ አታቁሙ። ከመሐላችሁ አንዱ ደግሞ ወዲያው መኪና ያስነሳ። ልጁ ቢነቃና ደህና ቢመስል እንኳ ሆስፒታል ይታይ።

ሪዞርት ውስጥ ብቻ ተቀምጦ መመለስ ለማይወድ ቤተሰብ አካባቢው ሀብታም ነው። በመንገዳችሁ ላይ ዝዋይ ሐይቅ አለ፤ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል። ትውፊቱ እንደሚለው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የቆየችው እዚያ ነው። የዛይ ማኅበረሰብም በደሴቶቹ ላይ ኖሯል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት የለም።

ታዲያ ላንጋኖ ሲዋኙ የዋሉ ልጆች ዝዋይ ሲደርሱም ዘለው መግባት ይፈልጋሉ። እዚህ አይሆንም! ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ ሐዋሳ ሐይቅም እንደዚያው። ጥገኛው ውሃ ውስጥ ካለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። መዋኘት ብቻ ሳይሆን ዳር ላይ እግር ነክሮ መጫወትም ያው ነው። ነክሯችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ወዲያው በፎጣ አሹትና ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ አሠሩ፤ ቀደም ብሎ ቢታይ ላይገኝ ይችላል። ፕራዚኳንቴል የሚባል ጥሩ መድኃኒት አለው። ጀልባ ላይ ለልጁ በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ የአዋቂው ላይፍ ጃኬት ከልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጉማሬም አለ፤ ጀልባ ነጂውን «ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» አትበሉት።

ከላንጋኖ ማዶ ያለው የአብያታ ሻላ ፓርክም የግማሽ ቀን ጉብኝት ይበቃዋል። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ፍል ውሃው ያቃጥላል፤ የልጁን እጅ ይዛችሁ ከሩቅ እዩ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፤ ዓሳው ይጠበስ፣ ጥሬው ይቅርባችሁ፣ ውሃው የታሸገ ይሁን። ለምለም (ኦአርኤስ) አራት አምስት ፓኬት ያዙ፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ፓራሲታሞልና የሙቀት መለኪያም ጨምሩ። መንገዱን በቀን ጨርሱት፤ ማታ ከብትና አህያ አስፋልት ላይ ይተኛል። ሕፃን አቅፎ ጋቢና መቀመጥም ይቅር፤ ግጭት ሲመጣ የእናት ክንድ አይዝም።

ብዙ ሰው ሻንጣውን ሲፈታ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል፤ ወባ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከንክሻው በኋላ ለመታየት ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጇን ተሸክማ መጣች። ልጁ አራት ቀን ሙሉ አተኩሶታል፣ ያስመልሰዋል፣ ገርጥቷል። ሌላ ቦታ ታይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መርፌ ጀምሯል። «ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» አልኳት። «የትም አልሄድንም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ «ላንጋኖ ብቻ ነው፣ ለሁለት ቀን፤ እሱም ሁለት ሳምንት አልፎታል።» ብለድ ፊልሙ ፋልሲፓረም ወባ ሆነ፤ ልጁን የዚያኑ ቀን ሆስፒታል አስተኛነው። ዳነ፣ ደህና ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢጨምር ግን ምን እንደሚሆን መገመት አልፈልግም።

አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ሲመጣ የተለመደው የዊዳል ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን የመከላከያ ምልክት ነው የሚያየው፤ ከዚህ በፊት በነበረ ነገርም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ስለዚህ «ታይፎይድ ተገኘ» መባሉ ወባ የለም ማለት አይደለም። ከጉዞ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ከቤተሰቡ ማንም ሰው ቢያተኩሰው፣ ብርድ ብርድ ቢለው፣ ራሱን ቢያመው፣ ወይም ሕፃኑ ዝም ብሎ መብላት እምቢ ቢል፣ የዚያኑ ቀን ሂዱና ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ላንጋኖ ነበርን፣ የወባ ምርመራ ይሠራልን» በሉ። የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ቢል ትኩሳቱ ግን ካልለቀቀ በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ይደገም፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ልጁ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ፣ ክሊኒክ አትቁሙ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። አምቡላንስ ካስፈለጋችሁ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ፕሪማኩይን የሚጨመረው፤ ለ14 ቀን ከታዘዘላችሁ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ቢለቅም እስከ 14 ጨርሱት። የላንጋኖው ጉዞ በጥር ሆኖ ሰኔ ላይ ትኩሳት ቢመጣም፣ ካርድ ስታወጡ ጉዞውን ንገሩ።

መልካም ዕረፍት! በዚህ ወር ላንጋኖ የሚወርድ ዘመድ ካላችሁ ላኩለት።