የናፍጣ በርሜልና የከሰል ማንደጃ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ ያረጀ በርሜል አይጣልም። በመሮና በመዶሻ ተቀዶ፣ ተቀጥቅጦና ተበስቶ የከሰል ማንደጃ ይሆናል። ናፍጣ ሲያመላልስ የኖረ ቆርቆሮ ጀበና ይጣድበታል። ናፍጣም ከሰልም ሲነዱ የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የካርቦኑ ምንጭ ግን ለየቅል ነው።

«ተፈጥሮ ከሰው የበለጠ ካርቦን ትለቃለች» ሲባል ይሰማል። እውነት ነው። ዕፅዋትና አፈር በዓመት 120 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ ውቅያኖሶች 80 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ከአየር ጋር ይለዋወጣሉ። ከነዳጅ ዘይት፣ ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው 10 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። «እንግዲያው የሰው ድርሻ ኢምንት ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን ፍጹም ስህተት ነው። የተፈጥሮው ዝውውር የነጋዴ ዕቁብ ነው፤ ብሩ የቱንም ያህል ቢበዛ ከአባላቱ ወጥቶ ለአባላቱ ይመለሳል። የነዳጁ ካርቦን በሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ተቀብሮ የኖረ፣ ከውጭ የሚጨመር ነው። ግማሹን ያህል ደንና ባሕር ይወስዱታል፤ የተረፈው በየዓመቱ አየር ላይ ይደራረባል።

ሳይንቲስቱ ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀምር ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በልጧል። ጭማሪውን በእሳተ ገሞራ ማሳበብም አይቻልም፤ የእኛውን ኤርታሌ ጨምሮ የዓለም እሳተ ገሞራዎች በአንድነት የሚለቁት ሰው ከሚለቀው 1 በመቶ አይሞላም።

ከሰሉስ? ይህ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ለከሰል ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሲያድግ የነደደውን ካርቦን መልሶ ይስባል። የስምጥ ሸለቆ ግራር ተመንጥሮ ቦታው ሲታረስ ግን ካርቦኑን የሚመልሰው የለም። ሁለቱ ከሰሎች በአንድ ዓይነት ጆንያ ታጭቀው ይሸጣሉ።

እንደ ላቀች ያሉ ቆጣቢ ምድጃዎች የከሰሉን ፍጆታ በሩብ ያህል ይቀንሳሉ። ያ ለጓዳም ለጫካም እረፍት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉም፣ ከኤሌክትሪካችን 90 በመቶ በላይ ከውኃ በሚገኝበት አገር፣ ያስኬዳል። ለከሰሉም ተመሳሳይ ትኩረት ይገባዋል፦ ጆንያው ከየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ ገዢው የሚያውቅበት ሥርዓት ይዘርጋ።