ዘ ካንትሪ ክለብ፦ በፈረስ ተጀምሮ በጎልፍ የታወቀ ግቢ

ብሩክላይን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ከቦስተን ጎን የምትገኝ ከተማ ናት። የእኛ ሯጮች በየሚያዝያው የሚፎካከሩበት የቦስተን ማራቶን አቋርጧት ያልፋል። ከሩጫው ጎዳና ራቅ ብሎ፣ በክላይድ ጎዳና ዳር፣ በ1882 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የግል ክለብ አለ (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በአጭሩ ዘ ካንትሪ ክለብ ነው። በአሜሪካ በዕድሜ አንጋፋ ከሚባሉት የካንትሪ ክለቦች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለው ክለብ የአባላቱ ንብረት ነው። አዲስ ሰው የሚገባው ነባር አባላት ሲያቀርቡትና ሲቀበሉት ነው፤ መግቢያ ከፍሎም በየዓመቱ መዋጮውን ያዋጣል። በምላሹ የመጫወቻ ሜዳ፣ የምግብ አዳራሽና ከመሰሎቹ ጋር የሚውልበት ግቢ ያገኛል።

የብሩክላይኑን ክለብ ያሰባሰበው የቦስተኑ ባለሀብት ጄምስ መሬይ ፎርብስ ነበር። ለወዳጆቹ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚበላበትና የሚታደርበት ቤት፣ ቦውሊንግና ሜዳ ቴኒስ፣ አልፎ አልፎም የፈረስ እሽቅድምድም። ጎልፍ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ የክለቡ ዋና ፍቅር ፈረስ ነበር።

ጎልፍ የገባው በ1893 ነው። ክለቡ ለሙከራ ጥቂት ገንዘብ መድቦ ስድስት ጉድጓድ ብቻ አስቆፈረ። በጎልፍ አንድ ጉድጓድ ሲባል ኳሱ ከሚመታበት መነሻ እስከሚገባበት ቀዳዳ ያለው መስመር ሁሉ ማለት ነው። በመጀመሪያው ትርኢት አርተር ሃነዌል የተባለ አባል በአንድ ምት ኳሱን ቀዳዳው ውስጥ እንደከተተ ይተረካል። ፈረስ የለመዱት ተመልካቾች ግን አላጨበጨቡም፤ የጨዋታው ዓላማ ኳሱን ማስገባት ከሆነ ምን ይደንቃል ብለው ነበር።

በዓመቱ ዊሊ ካምቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ ባለሙያ ተቀጠረ፤ ሜዳውም እየሰፋ ሄዶ በአሥር ዓመት ውስጥ 18 ጉድጓድ ሞላ። በ1894 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ሲቋቋም ከአምስቱ መሥራች ክለቦች አንዱ ይኸው ነበር። በ1927 ዊልያም ፍሊን ተጨማሪ ዘጠኝ ጉድጓዶች ነደፈ። ዛሬ ለታላላቅ ውድድሮች ከሁለቱ ሜዳዎች የተመረጡት ተቀናጅተው ያገለግላሉ። መሬቱ እዚህም እዚያም አለት ያፈጠጠበት፣ ቀዳዳዎቹ የሚገኙበት መስክም ጠባብ ስለሆነ ጉልበት ብቻውን አያዋጣም። ክረምት ሲገባ ደግሞ አባላቱ በበረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ ከርሊንግ ይጫወታሉ።

ክለቡን ለዓለም ያስተዋወቀው ግን አባል አልነበረም። ፍራንሲስ ዊሜት የአትክልተኛ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከሜዳው 17ኛ ጉድጓድ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። በልጅነቱ እዚያው ሜዳ የአባላቱን የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ፣ ማለትም ካዲ፣ ሆኖ ሠርቷል። በ1913 የአሜሪካ ኦፕን የተባለው የጎልፍ ውድድር በክለቡ ሲካሄድ በ20 ዓመቱ፣ ያለ ደመወዝ በሚጫወት አማተርነት ተወዳደረ። ዱላውን የያዘለት ትምህርቱን ጥሎ የመጣው የ10 ዓመቱ ኤዲ ላወሪ ነበር።

ተፎካካሪዎቹ ሃሪ ቫርደንና ቴድ ሬይ የእንግሊዝ ዝነኞች ናቸው፤ ቫርደን ያኔ የብሪታንያን ኦፕን አምስት ጊዜ አሸንፏል። ዊሜት ቤቱ አጠገብ ባለው 17ኛው ጉድጓድ ባገኘው ውጤት ደረሰባቸው፤ ሦስቱም እኩል ጨረሱ። በማግስቱ በተደረገው መለያ ዊሜት በ72 ምት ሲጨርስ ቫርደን 77፣ ሬይ 78 አስቆጠሩ። የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ የመጀመሪያው አማተር ሆነ። ጋዜጦች ወሬውን በየከተማው አዳረሱት፤ የሀብታም ጨዋታ ይባል የነበረውን ጎልፍ ሌላውም ሕዝብ ይከታተለው ጀመር።

ምስጋናው ግን ወዲያው አልመጣም። ዊሜት የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ስለከፈተ የጎልፍ ማኅበሩ በ1916 አማተርነቱን ነጠቀው፤ የመለሰለት ከጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ኦፕን በ1963፣ በ1988 እና በ2022 ወደ ክለቡ ተመልሷል። በ1999 ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ ጎልፈኞች በሚፋለሙበት በራይደር ካፕ 10 ለ6 ተበልጠው የነበሩት አሜሪካውያን በመጨረሻው ቀን ቀልብሰው 14½ ለ13½ ረቱ። አሜሪካዊው ጀስቲን ሌናርድ ውጤቱን የወሰነችውን ረጅም ኳስ ያስገባው እዚያው 17ኛው ጉድጓድ ላይ ነው።

ወደ ክለቡ መግባት ዛሬም የአባል ግብዣ ይጠይቃል። በዊሜት ስም በ1949 የተቋቋመው የትምህርት ገንዘብ ግን በማሳቹሴትስ የጎልፍ ክለቦች በካዲነትና በሜዳ ሥራ ያገለገሉ ወጣቶችን ኮሌጅ ያስተምራል። ለመርዳት የሚመርጣቸውም የቤተሰባቸውን ችግር አይቶ ነው።