የሰም ቀለምና የቤት ግድግዳ

በካፋ አገር፥ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ሺሺንዳ የምትባል ከተማ አለች። አገሩ ዝናም የሚበዛበት፥ ደኑ የለመለመ፥ ቡናውና ማሩ የታወቀ ነው። በዚያ አገር ብዙው ቤት በእንጨት ተማግሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። ከምርጉም በኋላ አንዳንዱ ሰው ግድግዳውን በኖራ ያነጣል፤ አንዳንዱም በዘይት ቀለም ይቀባል። ይህ ሁሉ ድካም ያለበት ሥራ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል።

ሕፃን ግን ነጭ ግድግዳ ሲያይ ወረቀት ይመስለዋል። የቀለም እርሳሱን ይዞ ላምን፥ ዛፍን፥ ቤትን ይሥልበታል። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ግድግዳውን ያበላሻል። ምልክቱን ለማጥፋት የሚፈልግ ሰው ቀለሙ ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ሕፃናት የሚሥሉበት ክራዮን የተባለው እርሳስ ቀለም የተጨመረበት ሰም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓመት በአሜሪካ አገር ክራዮላ የሚባለው እርሳስ፥ 8 ዓይነት ቀለም በአንድ ሣጥን ሆኖ፥ በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። የእርሳሱ ሰም ብዙ ጊዜ ከመሬት ከሚወጣ ዘይት የሚገኝ ነው፤ ጠባዩ ግን የካፋ ሰው ከቀፎ የሚያወጣውን የንብ ሰም ይመስላል። ሰም ውሃን አይቀበልም፤ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በዘይትም ይላቀቃል። የንብ ሰም 62 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ይቀልጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚያጥብ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ግድግዳው የዘይት ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ፥ ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ነክሮ ቀስ ብሎ ማሸት ይገባል፤ ሳሙና ቅባትንና ውሃን ያስማማልና። አልለቅም ቢል፥ በእርጥቡ ጨርቅ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል፤ ደቃቁ ዱቄት ሰሙን ይፍቀዋል። በኃይል የሚያሽ ሰው ግን የግድግዳውን ቀለም አብሮ ይልጣል። ስለዚህ ሰው በማያየው ጥግ አስቀድሞ መሞከር ብልኅነት ነው። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ አብሶ ማድረቅ ነው።

በኖራ የተነጣ ግድግዳ ግን እንዲህ አይታጠብም፤ ኖራው ከውሃው ጋራ ይወርዳልና። ዘይትም ቢነካው ይጠጣውና የባሰ እድፍ ይሆናል። ሰሙን በእንጨት ፍቆ ማንሣትና በላዩ አዲስ ኖራ መቀባት ይሻላል፤ ሰሙ ካልተነሣ አዲሱ ኖራ አይዝም። ኖራ ዓይንን ያቃጥላልና ይህን ሥራ ታላቅ ሰው ይሥራው። በከሰል የተጻፈው ደግሞ ትቢያ ነው እንጂ ሰም አይደለም፤ በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፥ በእርጥብ ጨርቅ ቢያሹት ግን ይሰፋል።

በጎንደር እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ባለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሥዕል ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊያጥበው አይገባም፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚተካው የለምና።

ጥፋቱን የሚደብቅ ልጅ በችኰላ በቈሻሻ ጨርቅ ያሸዋል፤ ጣት የምታህለውም ምልክት ክንድ ታህላለች። ፈጥኖ ለእናቱ የሚናገር ልጅ ግን ከእርሷ ጋራ ሆኖ በጥቂት ድካም ያጠፋዋል። እናትም ልጅዋ እውነቱን ሲናገር ባትቈጣው፥ ይሥልበትም ዘንድ ወረቀት ብትሰጠው፥ ነገ ሌላውን ጥፋት አይደብቃትም። ያቈሸሸ እጅ ማጽዳትን ይማር፤ ሰው ራሱ ደክሞ ያጸዳውን ግድግዳ ዳግመኛ ለማበላሸት አይቸኵልም።