«ልጄ አዲስ ነገር መፍጠር አይሆንለትም»

በቅርቡ ከቤተሰቦቼ ጋር ላንጋኖ ወርደን ነበር። አጠገባችን ምንጣፍ አንጥፈው የተቀመጡ፣ ከአዳማ የመጡ እናት ነርስ እንደነበርኩ ሲሰሙ የልባቸውን አጫወቱኝ።

«ሲስተር፣ የትልቁ ልጄ ነገር ያሳስበኛል። ዘመኑ የፈጠራ ነው ይሉናል፤ እሱ ያሳዩትን በደንብ ይሠራል፣ አዲስ ሐሳብ አምጣ ሲሉት ግን ይጨነቃል። ምን ሊሆን ነው?»

ልጁ ያን ጊዜ የታናናሾቹን ጫማ ከአሸዋ እያራገፈ በየጥንዱ ይደረድር ነበር።

«እኛ እንዲህ ያለ ሰው ፈልገን ነበር የምናጣው» አልኳቸው፤ የክትባት ማቀዝቀዣውንም ነገር ነገርኳቸው።

ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ቴርሞሜትሩ ጠዋትና ማታ ይነበባል፣ ይመዘገባል፤ ቅዳሜም እሁድም። ብዙ ሰው በጣም ቢቀዘቅዝ የሚሻል ይመስለዋል፤ የቴታነስ ክትባት ግን በረዶ ከሠራ ኃይሉን ያጣል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ጠርሙሱ ግማሽ ቢሆንም።

በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሰኞ ጠዋት ሰንጠረዡን ሳይ የቅዳሜና የእሁዱ በሙሉ «4» ተብሎ ተሞልቷል። ማቀዝቀዣውን ስከፍት ጠርሙሶቹ በረዶ ሠርተዋል። ተረኛው ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ሁላችንም የምንወደው ልጅ ነበር። «ሁልጊዜ 4 ስለሆነ ነው» አለኝ። ክትባቱ ተወገደ። ሕፃን አዝለው ከሩቅ በእግራቸው የመጡ እናቶችን «ሌላ ቀን ኑ» ብለን መለስን፤ ሁሉም አልተመለሱም። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ከዚያ በፊት የነበሩት ቅዳሜና እሁዶች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና መጠይቅ አወጣ። የበሽተኛው ስም ተረጋግጧል? ጨርቁና መርፌው ተቆጥሯል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። በ8 ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም።

እናትየው «ታዲያ ነርስ ይሁን?» አሉኝ። የግድ አይደለም። ነርስነት የሰው ፊት ማንበብም ይጠይቃል። ላቦራቶሪ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ይስማማዋል፤ የወባ ፈጣን መመርመሪያ እንኳ ከተባለው ደቂቃ ቀድሞ ከተነበበ ያለውን በሽታ የለም ሊል ይችላል፣ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒት ቤት አለ፤ መሣሪያ ማምከን አለ፤ ከሕክምና ውጭ ሒሳብ ሥራና የአውሮፕላን ጥገና አለ። ካርድ ክፍልንም አትናቁት፤ ካርዱ ጠፍቶበት ግማሽ ቀን የተጉላላ ሰው ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቃቸው አላለፍኩም። «ሲሳሳት ይናገራል ወይስ ይደብቃል?» ሥርዓት የሚወድ ሰው አንዳንዴ ሰንጠረዡ እንዲያምርለት ሲል እውነቱን ይተወዋል፤ እንዲህ ያለው ከዝርክርኩም ይብሳል።

እናትየው ሳይመልሱልኝ ልጁ ጫማውን ትቶ ጠጋ አለ። ለካ ሲሰማን ኖሯል።

«እማማ፣ ቁጥሩ ከ8 በላይ ሆኖ ቢገኝስ? ቅዳሜ ከሆነ ለማን ነው የሚደወለው?»